ጎንደርን በሰፈሯ ማየት፦ ከሥላሴ ጣሪያ እስከ አዝማሪ ቤት፣ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ላይ እንግዳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንድ ነው። ፋሲል ግንብ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል፣ በማግስቱ ደሞ ወይ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይ ወደ ባህርዳር ጉዞ። ግንቡ መታየት አለበት፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለም፣ ግን ግንቡ ዛሬ ባዶ ቤት ነው። ያኔ እዛ ውስጥ ይሠራ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ሥዕሉ በሉት ዜማው፣ መሰንቆው፣ ሸክላው፣ ሽመናው፣ የታቦቱ ሥርዓት፣ አሁንም አለ፤ ያለው ግን ሰፈር ውስጥ ነው፣ በሰው እጅ ላይ። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ግንቡን መነሻ አድርጎ እያንዳንዱን ጥበብ እስከሚኖርበት ሰፈር ድረስ ይከተላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣም፣ ከውጭ አገር ልጆቹን ይዞ ለሚመጣ ዲያስፖራም፣ እዚሁ ተወልዶ ቁስቋምን አንዴም ላልወጣ የጎንደር ልጅም ይሆናል (እንደዚህ አይነቱ ብዙ ነው፣ አፈር ስሆን እናንተም ከነሱ ከሆናችሁ ዘንድሮ ሂዱ)።

1. መጀመሪያ ካሌንደር ክፈቱ

ሰው መጀመሪያ ትኬት ይቆርጣል ከዛ ምን እንዳለ ይጠይቃል፣ ተገላቢጦሽ ነው። የጎንደር ሰፈሮች ዝግጅታቸው በፖስተር አይደለም የሚታወቀው፣ በቀን ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ማለት ይቻላል በደብሩ ይጠራል፣ የደብሩ ንግሥ የዋለ ቀን ደሞ ሰፈሩ ራሱ በዓል ነው፦ ማህሌቱ ሌሊቱን ያድራል፣ ታቦቱ ይወጣል፣ ወጣቱ እየዘፈነ ያጅባል፣ ከዛ በየቤቱ ጠላና ዳቦ አለ። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልበት ከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንዱ ጋ ንግሥ አይጠፋም።

ቢያንስ እነዚህን ያዙ። ሥላሴ ጥር 7 እና ሐምሌ 7፣ ያኔ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት ከሌላ ቀን ጋር አይገናኝም። ቁስቋም ኅዳር 6። ሚካኤል ኅዳር 12 እና ሰኔ 12። ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23። ግንቦት 1 ልደታ ደሞ ልዩ ነው ምክንያቱም በዓሉ ከቤተክርስቲያን ይልቅ ደጅ ላይ ነው፣ የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው ቡና አፍልተው ውጭ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እዛ ጋ በአጋጣሚ የሚያልፍ ሰው ሳይቀምስ አያልፍም። መስከረም ላይ ደመራ አለ፣ ነሐሴ 12 ማታና ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፣ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ሆያ ሆዬ እያሉ በየበሩ ይዞራሉ። ከሁሉም ትልቁ ጥር 10 እና 11፣ ከተራና ጥምቀት፣ እሱን ታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

በዓል ላይ መምጣት ካልቻላችሁ ቢያንስ ቅዳሜን የሚያካትት ቀን ምረጡ፣ ገበያው ስላለ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከባድ ነው፣ ያም ሆኖ ከተማዋ ያኔ አረንጓዴ ናት፣ ጃንጥላ ይዞ መምጣት ለማይጠላ ሰው መጥፎ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው ማታው ግን ይቀዘቅዛል፣ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ ጃኬት አትርሱ።

2. መሰረታችሁን ፒያሳ አድርጉ

ማረፊያ ስትይዙ ከፒያሳ በእግር የሚደረስ ይሁን። ከፒያሳ ግንቡ ቅርብ ነው፣ ሥላሴ በእግር ይደረሳል፣ ገበያው ቁልቁል ነው፣ የቀረውን ባጃጅ ያደርሳችኋል። የባጃጅ ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ዋጋውን ደሞ ሹፌሩን ሳይሆን ያደራችሁበትን ቤት ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚያንሸራትት ጫማ አይሁን፣ መንገዱ ኮብልስቶንና ዳገት ነው። ቤተክርስቲያን ስለምትገቡ ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ።

3. ጠዋት፦ ሥላሴ፣ ቀና ብሎ ማየት

የመጀመሪያው ቀን መጀመሪያው ቦታ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሁን፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ግን ሰው ሳይበዛ። ምሳ ሰዓት ላይ ተዘግቶ ሊያገኛችሁ ስለሚችል ወደ ረፋዱ አትግፉት።

ከመግባታችሁ በፊት አጥሩን ዙሩ። ዙሪያውን በአሥራ ሁለት ክብ ግንቦች የታጠረ ነው፣ የሐዋርያት ምሳሌ ነው ይላሉ ካህናቱ፣ በሩ ደሞ ለብቻው በአንበሳ አምሳል የተሠራ ነው። ከዛ ቤቱን እዩት፣ አብዛኛው የአካባቢው ቤተክርስቲያን ክብ ሲሆን ይሄ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ነው። መጀመሪያ አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሩት ክብ ነበር፣ በመብረቅ ተቃጥሎ ነው እንደገና በዚህ መልክ የተሠራው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ሥላሴ ተርፏል፣ እንዴት ተረፈ ብላችሁ ማንኛውንም የሰፈሩን ልጅ ብትጠይቁ የንቡን ታሪክ ይነግራችኋል፣ ንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ነው የሚባለው።

ገብታችሁ ወዲያው ፎቶ አታንሱ። ውስጡ ጨለም ያለ ስለሆነ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ፣ ከዛ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ በግንዶቹ መሃል በመሃል ተደርድረው የሚያዩአችሁ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ናቸው። ሁሉም አንድ አይነት ይመስላሉ፣ ግን አንድ ረድፍ መርጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተከተሉት፤ አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ አንዱ ቅንድቡ ከፍ ብሏል፣ አንዱ የተከፋ ይመስላል፣ ሠዓሊው አንዱንም ከሌላው ሳይገለብጥ እጁን እያንቀሳቀሰ ነው የሄደው። ይሄንን ሳያይ የወጣ ሰው ሥላሴን አየሁ ማለት ይከብደዋል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ከመቅደሱ በላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ አይነት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ሥላሴ ናቸው፣ ከሥራቸው ስቅለቱ አለ። በጎኖቹ የጌታችንና የእመቤታችን ታሪክ፣ ሰማዕታት፣ ፈረሰኛ ቅዱሳን። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አንድ ጨዋታ ስጧቸው፦ ዓይን እንዲቆጥሩ አድርጉ። በእኛ የቤተክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ክፉው ደሞ በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ልጆቹ ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው ይለያሉ፣ ከዛ በኋላ የትኛውም ቤተክርስቲያን ሲገቡ ያንኑ ይፈልጋሉ።

ፍላሽ በፍጹም፣ ቀለሙን ይጎዳዋል። የሚያስረዱ ካህን ወይም አስጎብኚ ካገኛችሁ አትቸኩሉ፣ አንዱን ሥዕል ብቻ መርጣችሁ "አባ፣ ይሄኛው ታሪኩ ምንድነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉንም ባንዴ ንገሩኝ ከማለት እጅግ ይሻላል። ስትወጡ ሙዳየ ምጽዋት ላይ የምትችሉትን ጣሉ።

4. ፋሲል ግንብ፣ የቤቶቹን ሥራ እየጠየቃችሁ

ጎንደርን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ነው መናገሻ ያደረጓት፣ ግቢውን ደሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም የሠሩት፣ ልጅና የልጅ ልጅ እየተከተለ የየራሱን ቤት ጨምሯል፣ ለዛ ነው በአንድ አጥር ውስጥ ብዙ ግንብ ያለው። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፣ በቅርብ ዓመታትም ትልቅ እድሳት ተደርጎለታል።

ጎብኚው አብዛኛውን ሰዓት የፋሲል ቤት ላይ ያጠፋል፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ክብ ግንብ ያለው ትልቁ። የእኔ ምክር እሱን በደንብ እዩ፣ ግን ለእነዚህ ሦስቱ ጊዜ አስቀሩ። አንደኛ የዐፄ ዳዊት ቤት። ዳዊት ሣልሳዊ ዘፈንና ጨዋታ ይወዱ የነበሩ ንጉሥ ናቸው፣ ቤቱም ለዛ የተሠራ አዳራሽ ነው፣ ማታ አዝማሪ ቤት ስትቀመጡ ይሄ አዳራሽ ትዝ ይበላችሁ ምክንያቱም መሰንቆው ከቤተ መንግሥት ወደ ጠጅ ቤት ነው የወረደው። ሁለተኛ የኢያሱ ግንብ፣ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል፣ አሁን ጣሪያ የለውም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያንን ለማስወጣት የእንግሊዝ አውሮፕላን በጣለው ቦንብ ነው ይበልጥ የተጎዳው። ሦስተኛ የእቴጌ ምንትዋብ ቤት፣ ግድግዳው ላይ የወጡትን የመስቀል ቅርጾች ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ቁስቋም ስትወጡ እህቶቻቸውን ታገኛላችሁ።

ግድግዳውን ደሞ በእጃችሁ ባትነኩትም በቅርብ እዩት፣ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፣ በኖራ የተያያዘ። ከገነቡት ባለሙያዎች መሃል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አንጥረኞች እንደነበሩበት ይነገራል፣ የነሱን ነገር ወለቃ ላይ እንቀጥላለን። ትኬታችሁን አትጣሉት፣ ቀሃ ያለው የፋሲል መዋኛ ላይ ትጠየቃላችሁ።

5. ጃን ተከልና ፒያሳ

ከግንቡ ስትወጡ ወደ ጃን ተከል ዋርካ ሂዱ፣ ጥንት አዋጅ የሚነገርበት፣ ሰው ለፍርድ የሚሰበሰብበት አደባባይ ነበር ይባላል፣ አሁንም ጥላው ሥር ሰው አይጠፋም። አረፍ በሉ።

ከዛ ፒያሳ። ፒያሳ ስንል ብዙ ሰው ካፌ ብቻ ነው የሚያየው፣ ግን አንገታችሁን ቀና ካደረጋችሁ ከ1928 እስከ 1934 ጣልያን በነበረበት ጊዜ የተሠሩ ሕንፃዎች ናቸው፣ ፖስታ ቤቱን ተመልከቱት፣ ፊቱ ቀጥ አይልም፣ ተጠማዝዞ ነው የሚዞረው፣ ሲኒማ ቤቱም ሌሎቹም ያው የዛ ዘመን ሥራ ናቸው። እዛው አንድ ቦታ ቆማችሁ የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግንብና የጣልያን ሕንፃ ጎን ለጎን ይታያል፣ እንደዚህ የሚታይበት ከተማ አገራችን ውስጥ ብዙ የለም። ማኪያቶ እዘዙ፣ የአፄ ቴዎድሮስን ሐውልት እዩ፣ የምሽቱን ፕሮግራም ደሞ እዚህ ነው የምትጠይቁት፦ ዛሬ ማታ የት ጥሩ አዝማሪ አለ? ነገ የማን ንግሥ ነው? ትርኢት የሚያሳይ የባህል ቡድን አለ ወይ? ጎግል ማፕ ይሄንን አያውቅም፣ አስተናጋጇ ግን ታውቃለች።

6. ቅዳሜ ገበያ

ቅዳሜ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም ግፊያውም ይበዛል። ቅመሙን፣ ቅቤውን፣ ጌሾውን እለፉና የልብስ ተራውን ፈልጉ። ጋቢና ነጠላ ስትገዙ ዘርጉት፣ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ክሩ እኩል መሆኑን እዩ፣ ጥለቱን ደሞ በጀርባው በኩል ገልብጣችሁ ተመልከቱ፣ የእጅ ሽመና ጀርባውም ንጹህ ነው ማለት ይቻላል፣ የማሽኑ ግን ክሩ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ዋጋ መከራከር ነውር አይደለም፣ ግን ሸማኔው ራሱ ከሆነ የሚሸጠው ብዙ አትጫኑት፣ አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠይቁትና ከዛ ዋጋውን አስቡት።

ሹሩባ የምትሠራ ሴት ካገኛችሁ ደሞ አልባሶ ማሠራት ትችላላችሁ፣ በተለይ በዓል ዋዜማ ከሆነ።

7. ወለቃ፦ ሸክላውና ሠሪዎቹ

ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ያደርሳል። ይሄ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር፣ ሕዝቡ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1983 በነበሩት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄዷል፣ ትንሿ የጸሎት ቤት ግን አሁንም አለች፣ ሸክላውም አልቆመም። እዛ የሚሠሩት አሁን በአብዛኛው የአካባቢው ሴቶች ናቸው፣ የሴቶች ሥልጠና ማዕከልም አለ፣ ሸክላ፣ ሽመናና ስፌት የሚሠራበት።

መንገድ ዳር ያለውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ስትሠራ ማየት እንደምትፈልጉ ንገሯት፣ "እማማ፣ ሲሠራ ማየት እንችላለን?" በቂ ነው። ጭቃው ይረገጣል፣ ይቦካል፣ እጅ በእጅ እየተጠቀለለ ይነሳል፣ የሚሽከረከር ማሽን ምናምን የለም፣ ራሷ ትዞራለች ወይ ሸክላውን ታዞረዋለች። ደረቅ ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፣ ያ አብረቅራቂነት ቀለም አይደለም የጠጠሩ ሥራ ነው። ከዛ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል፣ ጥቁረቱ የሚመጣው ከጭሱ ነው። ትናንሾቹ ምስሎች፣ ቄሱ፣ እናትና ልጅ፣ አንበሳው፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ እነዚህ የወለቃ መለያ ናቸው፣ በኪስ ስለሚያዙ ለስጦታ ይሆናሉ።

ጀበና የምትገዙ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። በጣታችሁ ጫፍ መታ መታ አድርጉት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ጥሩ ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካለው የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለው። ውሃ አስጨምራችሁ ከሥሩ እዩት። አፉ ሲቀዳ ይንጠባጠባል ወይስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ እዛው ሞክሩ። ቤት ስትገቡ ወዲያው ቡና አታፍሉበት፣ መጀመሪያ መሟሸት አለበት፣ የቡና አተላ ከውሃ ጋር ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አፍልታችሁ ድፉት፣ የጭቃው ሽታ እስኪጠፋ ድገሙት። ምጣድ ከሆነ ደሞ በጎመን ዘር ነው የሚሟሸው፣ እሱን እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። ለአውሮፕላን ስታሽጉ ጀበናውን ጋቢው ውስጥ ጠቅልሉት፣ ሁለቱም አብረው ይገባሉ።

8. ቁስቋም፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ቁስቋም ከከተማው በላይ ነው፣ ዳገት ነው፣ ባጃጅ ይዛችሁ ወጥታችሁ በእግር ውረዱ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ ግቢውን ትተው እዚህ ደብረ ፀሐይ ላይ የራሳቸውን ቤተ መንግሥትና ቤተክርስቲያን ሠሩ። ግድግዳው ላይ ከድንጋይ የወጡ መስቀሎችና ምስሎች አሉ፣ ጠዋት ግንቡ ውስጥ ያያችኋቸውን አስታውሱ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አጽም እዚሁ ነው የሚገኘው፣ እንዲያሳዩአችሁ የሚጠብቀውን ሰው በትህትና ጠይቁ።

ሥዕል የምትወዱ ከሆነ ምንትዋብን አስቡ፣ ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የሚባለው ያበበው በሳቸው ጊዜ ነው፣ ከመጀመሪያው ስልት ደማቅና ዝርግ ቀለም ወጥቶ ፊትና ልብስ ላይ ጥላ እየሰጠ ለስለስ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ጎንደር የራሷን የአሣሣል ስልት ፈጥራለች፣ ይሄን ልጆቻችን በትምህርት ቤት በደንብ ቢማሩት እንዴት ደስ ባለኝ።

ቁስቋም ካልመቻችሁ ለጀምበር መጥለቂያ ጎሃ ሆቴል ያለበት ጉብታ አለ፣ ከተማዋ በሙሉ ከሥር ትታያለች።

9. ማታ፦ አዝማሪ ቤት እንዴት ይኬዳል

አሁን ወደ ዋናው። አዝማሪ ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ ቢራ ጠጥቶ ቪዲዮ ቀርጾ መውጣት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ግን ጨዋታው ከናንተ ጋር ነው የሚሠራው፣ እናንተ ካልገባችሁበት ግማሹ ይቀራል።

ቀድማችሁ ሂዱ፣ ሰው ሳይሞላ። ወንበር ስትመርጡ ከአዝማሪው ፊት ለፊት ወይ አጠገብ ይሁን። ድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚያደነቁርበት ቤት ከሆነ ሌላ ፈልጉ፣ የመሰንቆ ነገር የሚጥመው በቅርብ ሲሰማ ነው። ገና ከመጀመሩ በፊት መሰንቆውን ልታዩት ትችላላችሁ፣ በቆዳ የተሸፈነች ማዕዘናም ሳጥን፣ አንድ ክር ብቻ፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ከአንድ ክር ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ሁሉም ይወጣል፣ የግራ ጣቱን ተከተሉት፣ ክሩን ከእንጨቱ ጋር አይጫነውም፣ በአየር ላይ ነው የሚነካው።

አዝማሪው ሲመጣ መጀመሪያ ያያችኋል፣ ያጠናችኋል፣ ልብሳችሁን፣ ከማን ጋር እንደመጣችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል፣ ከዛ በናንተ ላይ ይገጥማል። ሊያሞግሳችሁም ሊነካካችሁም ይችላል። ቅር አይበላችሁ፣ መሳቅ ነው። የግጥሙ ሰም አንድ ነው ወርቁ ሌላ ነው፣ ሁሉም ሰው ሳቀ እናንተ ካልገባችሁ አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ፣ የጎንደር ሰው ቅኔ ሲያስረዳ ደስ ይለዋል።

ከዛ ተራው የናንተ ነው። "ተቀበል!" በሉ፣ እሱ መሰንቆውን ዝቅ ያደርግላችኋል፣ እናንተ ግጥሙን በቃል ትሰጣላችሁ፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። ከቤት ሁለት ስንኝ አዘጋጅታችሁ ኑ፣ ረጅም አያስፈልግም። ለምሳሌ ከምትወዷት ሰው ጋር ከተቀመጣችሁ እንዲህ ቢባል፦

ከፒያሳ ወርጄ ቀሃ ደረስኩና፣
ጠምቶኝ ተመለስኩኝ ውሃው ሞልቶ ገና።

ውሃው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ቤቱ ሁሉ ይገባዋል፣ እሷም ይገባታል። አዝማሪው ተቀብሎ የራሱን ይጨምርበታል፣ ከዛ በኋላ ማታው የናንተ ነው።

ሽልማት አለ፣ ይሄ ደሞዙ ነው። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ግቡ፣ ደስ ሲላችሁ ግንባሩ ላይ ለጥፉ ወይም በእጁ ስጡ፣ ለሚያጅቡት ሴቶችም እንደዛው። የሚቀርጽ ሰው ደሞ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ ሙሉ ጨዋታ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መጫን የሰውዬውን እንጀራ መንካት ነው፣ ቁራጭ ከሆነና ከፈቀደላችሁ ግን የቤቱን ስም ጻፉለት።

እስክስታ ላይ ጎትተው ያስነሷችኋል። ተነሱ። ትከሻ አልታዘዝ ካላችሁ ማጨብጨብም ይበቃል፣ ተቀምጦ አልወጣም ብሎ መግደርደር ነው የሚከብደው። ጠጅ ከሆነ የምትጠጡት ቀስ በሉ፣ ይጣፍጣል ከዛ ይይዛል፣ መመለሻችሁን ባጃጅ ቀድማችሁ ያዙ።

10. ከተራና ጥምቀት

ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ የጎንደሩን ልዩ የሚያደርገው ጥምቀተ ባህሩ ራሱ ታሪካዊ መሆኑ ነው። የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው፣ በዓሉ ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውሃ ይሞላል፣ የዛፎቹ ሥር አጥሩን ጠምጥሞ የወጣበት፣ መሃል ላይ ግንቡ ያለበት ቦታ ነው። በሌላ ጊዜ ባዶውን ማየትም ጥሩ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።

ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ፣ ያን ሰሞን ዋጋው ይጨምራል ክፍልም ይጠፋል። የፈረንጁን ቀን ስታሰሉ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን 20 ይሆናል፣ ትኬት ስትቆርጡ ይሄን አረጋግጡ። ሰሞኑን የባህል ዝግጅቶች ስለሚኖሩ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መግባት ጥሩ ነው።

ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ቀሃ ይወርዳሉ። ሁሉም ሰው መዋኛው ጋ ሄዶ ይጠብቃል፣ እኔ ግን የምለው ፒያሳ አካባቢ ወይም በወረዱበት መንገድ ዳር ቁሙ፣ ካህናቱ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ ከየሰፈሩ የመጣው ወጣት በየቡድኑ ዱላውን እያነሳ እየጨፈረ፣ ፉከራው ሽለላው፣ ሁሉም በፊታችሁ ነው የሚያልፈው። ከዛ ከኋላ ተከትላችሁ ውረዱ። ሌሊቱን ጸሎት ያድራል፣ ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቶቹ ዘለው ይገባሉ። ለዚህ ሌሊት ዘጠኝ አሥር ሰዓት ገደማ መነሳት አለባችሁ፣ ሲነጋ መድረስ ማለት ጀርባ ማየት ነው። ታቦታቱ በዕለቱ ይመለሳሉ፣ የሚካኤል ግን ጥር 12 ነው የሚገባው፣ ስለዚህ 11 ማታ ላይ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ቀን ታጣላችሁ። እኔ 12ትን ከ11 አላሳንሰውም፣ እንግዳው ስለሚቀንስ የከተማው ሰው ራሱ ይደሰትበታል።

አንድ ነገር በጣም ልብ በሉ። መዋኛው ዙሪያ ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ካያችሁ ሰው የበዛበት ላይ አትውጡ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እንደዚህ አይነቱ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። መሬት ላይ መቆም ይሻላል። ልጆች ካሉ እጃቸው ላይ ወይ ኪሳቸው ውስጥ የናንተ ስልክ ቁጥር ተጽፎ ይሁን፣ ኔትወርኩ በሰው ብዛት ስለሚጨናነቅ ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ቁረጡ። ልብስ ነጭ፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሏል።

11. የሰፈር ዝግጅት ሲኖር እንዴት ትሰማላችሁ

ከበዓል ውጭ የሚደረጉት ነገሮች፣ የባህል ቡድን ትርኢት፣ የተማሪዎች ሥዕል ኤግዚቢሽን፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ የግጥም ምሽት፣ አብዛኛው በአፍና በቴሌግራም ነው የሚሄደው። ሦስት ቦታ ጠይቁ፦ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ (የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የግጥም ምሽት አያጣም)፣ ከዛ ደሞ ካፌና ፀጉር ቤት። የምሽት ዝግጅት በተባለው ሰዓት አይጀምርም፣ የቤተክርስቲያን ግን በሰዓቱ ነው። ረመዳንና መውሊድ ከሆነ አዲስ ዓለም አካባቢ ሂዱ፣ ከጥንት ጀምሮ የሙስሊሙ ሰፈር ነው፣ ነጋዴውና ሸማኔው የኖረበት፣ የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ቴምርና ሳምቡሳ በየበሩ አለ።

ሰው ቤት ከተጠራችሁ ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ቡና ወይም ስኳር ይበቃል፣ ቡናው ሦስቱም እስኪያልቅ ተቀመጡ። ፎቶ ስታነሱ ትልልቅ ሰዎችን "አባባ ይፈቅዳሉ?" "እማማ ይፈቅዱልኛል?" ብላችሁ ነው፣ ካነሳችሁ ደሞ የልጃቸውን ቴሌግራም ተቀብላችሁ ላኩላቸው፣ እንልካለን ብሎ የሚጠፋው በዝቷል።

ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ፣ ወለቃንም ጨምሮ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የምሽት ሰዓት ገደብ ካለ በዛው ቀን ጠዋት ያደራችሁበት ቤት ጠይቁ፣ ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር ማለት አይበቃም። አስጎብኚ ስትቀጥሩ መታወቂያ ያለው ይሁን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ጨርሳችሁ ተነሱ፣ የምትፈልጉት አዝማሪና ሸክላ ከሆነ ደሞ ከመጀመሪያው ንገሩት፣ ያለዚያ ግንብ ለግንብ ሲያዞራችሁ ይመሻል።